አሮጌ ቤት ከገዛችሁ በኋላ፦ ከቀለሙ ስር ያለውን ችግር ማግኘትና ማስተካከል

አሮጌ ቤት በበጋ ሲታይ ያምራል። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ግቢው ደረቅ ነው፣ ጣሪያው ምንም ችግር ያለበት አይመስልም። ውል ተፈርሞ፣ ስም ዞሮ፣ ዕቃ ገብቶ ሰኔ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ ይጠቁራል። የጓዳው በር አልዘጋም ይላል። ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ይፈዛል። ከግቢው ጥግ ሽታ ይነሳል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው። ሠራተኛ ጠርቶ የጠቆረውን ያስፍቃል፣ ጄሶ ያስመታል፣ ቀለም ያስቀባል። «ግዴለም፣ ይሄማ በቀለም ይጠፋል» የሚል ባለሙያም አይጠፋም። በሚቀጥለው ክረምት ያው ቦታ እንደገና ይጠቁራል።

እዚህ የማብራራው አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ አሮጌ ቤቶች ላይ በብዛት የሚያጋጥሙትን ድብቅ ችግሮች ነው። አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር ነው፦ ምልክቱ የታየበትን ቦታ ከመንካታችሁ በፊት መነሻውን አግኙ። መነሻው ብዙውን ጊዜ ውሃ ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ለጥገና የወጣ ብር ተመልሶ መውጣቱ አይቀርም።

የገዛችሁት ቤት ከምን ተሠራ?

ብዙ የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች የጭቃ ቤቶች ናቸው። ከውጭ ሲታዩ ግን ላይመስሉ ይችላሉ። በሲሚንቶ ተለስነው፣ ቀለም ተቀብተው፣ አንዳንዴም ፊታቸው ድንጋይ ለብሶ ብሎኬት ይመስላሉ። ማወቅ ከፈለጋችሁ ዋናውን ብሬከር አጥፉና ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ የአንድ ሶኬት ሽፋን ፍቱ። በቀዳዳው ጭድ ያለበት ጭቃ ከታየ የጭቃ ቤት ነው።

አሠራሩን ማወቅ ለጥገናው ይጠቅማል። የባሕር ዛፍ ቋሚ መሬት ተቆፍሮ ይተከላል። በላዩ ማገር ይመታል። ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ይመረግበታል። ከዚያ ይለሰናል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ይለብሳል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ በከተማዋ እጅግ ብዙ ቤት በዚህ መንገድ ተሠርቷል። በደንብ የተያዘ የጭቃ ቤት አሥርት ዓመታት ይቆማል። የሚናቅ ቤት አይደለም።

ደካማ ጎኑ ቋሚው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ሁልጊዜ ደረቅ የሆነ እንጨት አይበሰብስም። አንዴ እየራሰ አንዴ እየደረቀ አየር የሚያገኝ እንጨት ግን በፈንገስ ይበላል። ከመሬቱ ወለል አንድ ስንዝር ወደ ላይ፣ አንድ ስንዝር ወደ ታች ያለው የቋሚው ክፍል ሁልጊዜ እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ነው።

ጉለሌ አካባቢ የተገዛ አንድ ቤት አይቻለሁ። የፊት ግድግዳው ከመሬት እስከ ወገብ ድረስ አዲስ የሲሚንቶ ልስን ተደርጎበት ነበር። ለገዢዋ ይህ ቤቱ እንደታደሰ ማስረጃ ነበር። ክረምት ሲገባ ከልስኑ በላይ ያለው ቀለም መላጥ ጀመረ። አናጢው ከታች ትንሽ ፈልፍሎ ካቻቢቴ ሲሰድበት እስከ እጀታው ገባ። ልስኑ ሲነሳ የቋሚዎቹ እግር እንደ ራሰ ዳቦ በእጅ እየተቆረሰ ወጣ። ግድግዳው ቆሞ የነበረው ማገሩና ጭቃው እርስ በርስ ተያይዘው ስለያዙት ብቻ ነው።

ጥፋቱ በአብዛኛው የሲሚንቶው ነው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲያገኝ መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ሲለበጥበት መውጫው ይዘጋል። ከአፈሩ የተነሳው እርጥበት መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል። እንጨቱም ክረምት ከበጋ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ይከርማል። በዚያ ላይ ሲሚንቶ ግትር ነው፣ የጭቃ ግድግዳ ግን ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ልስኑ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፣ የገባው ደግሞ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ እግሩ ብቻ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ካያችሁ ጠርጥሩ። በካቻቢቴ ወይም በወፍራም ሚስማር ቋሚዎቹ ባሉበት ቦታ ከመሬት አጠገብ ሞክሩ። ጤናማ እንጨት ይገታችኋል። የበሰበሰው ይለቃችኋል። ቋሚው የት እንዳለ ካልታወቀ በማዕዘኖቹና በበርና መስኮት ጎንና ጎን ጀምሩ፤ እዚያ ሁሌም አለ።

ጥገናው የሚያስፈራውን ያህል አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ ጣሪያው በጊዜያዊ ድጋፍ ይያዛል። ከዚያ አንድ ቋሚ ብቻ ይጋለጣል፤ የበሰበሰው እግር ይቆረጣል። ከስሩ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መቀመጫ ይሠራለታል፣ ቀሪው እንጨት እላዩ ላይ ያርፋል። ይሄ ሲጠነክር ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች በአንድ ቀን አይነኩም። «ቶሎ እንጨርሰው» የሚል ሠራተኛ እዚህ ላይ መስማት የለባችሁም፤ ጣሪያው ሊወርድ ይችላል። የታችኛው ግድግዳ ሲመለስ ደግሞ ልስኑ የጭቃና የኖራ ይሁን። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የቆየ ልማድ ነው። ጤናማውን እንጨት ጥቂት ይረዳው ይሆናል፣ የበሰበሰውን ግን አይመልሰውም።

ነፍሳትም አሉ። እንጨቱ ላይ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎችና ከስራቸው የተበተነ ዱቄት ካያችሁ ነቀዝ ነው። ግድግዳው ላይ ወደ ላይ የሚሄድ ቀጭን የአፈር መስመር ካያችሁ ደግሞ ምስጥ ነው። ዱቄቱን ጠርጋችሁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልከቱ። አዲስ ዱቄት ከተጠራቀመ ነቀዙ አሁንም እየበላ ነው ማለት ነው፤ ካልተጠራቀመ ጉዳቱ የድሮ ሊሆን ይችላል።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ውሃ ቤት ውስጥ የሚገባው ከላይ፣ ከታች ወይም ከቤቱ ከራሱ ቧንቧ ነው። ሦስቱም ግድግዳ ያጠቁራሉ። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው፣ ስለዚህ መለየቱ ዋናው ሥራ ነው።

ከላይ የሚመጣው ዝናብን ይከተላል። ሲዘንብ ወይም በነጋታው ይታያል፣ ሲያባራ ይቀንሳል። ኮርኒሱ ላይ ዳሩ ቡናማ የሆነ ክብ ምልክት ይተዋል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ውሃው ከቀዳዳው ገብቶ በጣሪያው እንጨት ላይ እየተንሸራተተ ራቅ ያለ ቦታ ሊጠባ ይችላል። ኮርኒሱ የራሰበት ቦታ ላይ ወጥቶ ሬንጅ መቀባት ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም የሚሆነው ለዚህ ነው። በምትኩ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ኮርኒሱ ውስጥ በመሰላል ግቡና ባትሪውን አጥፍታችሁ ቀና በሉ። ቀዳዳ ሁሉ በብርሃን ነጥብ ይታያል። የጣሪያ እንጨቶቹም በስብሰው እንደሆነ፣ የመብራት ሽቦው አይጥ በልቶት እንደሆነ በዚያው ታያላችሁ። የኮርኒስ ችፑድ የሰው ክብደት አይችልም፤ እንጨቱን ብቻ እርገጡ።

ቆርቆሮው ራሱ ከበሰበሰ መለወጥ ነው። ጌጁን ጠይቁ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ማለትም 32 ጌጅ ከ28 ጌጅ ይሳሳል። ቆርቆሮው ደህና ሆኖ የሚያፈሰው ሚስማሩ ስለላላ ከሆነ ግን ጎማ ባለው ስክሩ መተካት ይበቃል። ስክሩ የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። ውሃ በሚወርድበት ዝቅታ ላይ ከተመታ ሌላ ቀዳዳ ገዛችሁ ማለት ነው።

ከጣሪያው ቀጥሎ የሚረሳው አሸንዳ ነው። ሒሳቡን ልንገራችሁ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 100 ሊትር ውሃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አሸንዳ የሌለው ቤት በየዓመቱ ከ100,000 ሊትር በላይ ውሃ በራሱ እግር ዙሪያ ያፈሳል ማለት ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ። ገንዘባችሁ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለዚህ አውሉት። አሸንዳ አሰቅሉ፣ መውረጃ ቱቦውን ከቤቱ አርቃችሁ ወደ ቦይ አስገቡ፣ በግድግዳው ዙሪያ ያለውን መሬት ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ አድርጉ። ብዙ «የግድግዳ ችግር» በዚህ ብቻ ሲጠፋ አይቻለሁ።

ከታች የሚመጣው እርጥበት ዝናብ ቢያባራም አይሄድም። ከወለሉ ጀምሮ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ይወጣል። የላይኛው ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ይተዋል፣ ቀለሙን እየገፋ ያላጣል። የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች እዚህ ላይ የራሳቸው ችግር አላቸው። መንገዱ ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ሲነጠፍ ከፍ ይላል፣ ቤቱ ግን በነበረበት ይቀራል። ድሮ ከመንገዱ በደረጃ የሚወጣበት ቤት ዛሬ ከመንገድ በታች ሆኗል። ጎረቤት ግቢውን በአፈር ሞልቶ ሲሠራም የጋራው ግድግዳ በአንድ ጎኑ እርጥብ አፈር ተሸክሞ ይቀራል። የግድግዳችሁ ማዶ ያለው መሬት ከእናንተ ወለል ከፍ ያለ እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ። ከፍ ካለ ውስጡን ስንት ጊዜ ብትቀቡ ለውጥ የለውም። መፍትሔው ከውጭ በኩል ውሃውን ቆርጦ የሚወስድ በጠጠር የተሞላ ቦይ ነው። ለዚህ ደግሞ ከጎረቤት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። በሰላሙ ጊዜ፣ በበጋ፣ ቡና ጠጥታችሁ ተነጋገሩ። ጎርፍ ገብቶ ሁሉም በተናደደበት ሐምሌ አይሆንም።

አንዳንዴ የሚጠቁረው ግድግዳ ከሰው ትንፋሽና ከምግብ ማብሰያ እንፋሎት ነው። ለመለየት ትልቅ ገጽ የሚያህል ፕላስቲክ ቆርጣችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉና አንድ ሁለት ቀን ተዉት። እርጥበቱ በፕላስቲኩ የውስጥ ገጽ፣ ከግድግዳው በኩል ከታየ ከግድግዳው የሚወጣ ነው። ከውጭ፣ ከክፍሉ በኩል ከታየ ግን የክፍሉ አየር እርጥበት ነው። ያኔ የሚያስፈልጋችሁ መስኮት መክፈትና ኩሽናውን ማናፈስ ነው።

ቧንቧ ቀርቷል። በጥር ፀሐይ፣ አንድም ዝናብ ሳይኖር የራሰ ቦታ ካለ ቧንቧን ጠርጥሩ። ውሃ በመጣበት ቀን ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ፣ የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ጠዋት ማንም ሳይከፍት እንደገና አንሱ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ ነገር አለ። ሮቶ ካላችሁ መሙያውን ዝጉና የሮቶውን ከፍታ ምልክት አድርጉበት፤ ከሮቶው በኋላ ያለውን መስመር በዚያ ታውቃላችሁ። ፈረቃ ባለበት ሰፈር ውሃ የሌለበት ሌሊት ላይ ቆጣሪ ማየት ምንም አይነግራችሁም። ከቆጣሪው ሙከራ በፊት ግን የሽንት ቤቱን የውሃ ማጠራቀሚያ ሳጥን እዩ። ሳትለቁት ከውስጡ ባለቀለም ውሃ ጨምሩበት። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ፍሳሹ እዚያ ነው፣ ጥገናውም ርካሽ ነው።

የድሮ የብረት ቧንቧ ከውስጥ ይዝጋል። ውሃው ይቀጥናል፣ ጠዋት መጀመሪያ የሚመጣውም ቢጫ ይሆናል። እንዲህ ያለ መስመር ወለል ስር ካለ ቆፍሮ ከማውጣት ይልቅ እዚያው ትቶ ፒፒአር የሚባለውን አዲስ የፕላስቲክ ቧንቧ በግድግዳ በኩል መዘርጋት ይሻላል። ወለሉ አይፈርስም፣ ወደፊትም ሲያፈስ በዓይን ይታያል።

ስንጥቅ ስታዩ

ስንጥቅ ሁሉ አደጋ አይደለም። ፀጉር የመሰለ ቀጭን የልስን ስንጥቅ በየቤቱ አለ። የሚያሳስበው ከበር ወይም ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄደው፣ በአንዱ ጫፉ የሰፋው፣ ወይም ብሎኬቱን ተከትሎ በደረጃ ቅርጽ የሚወርደው ነው። መሠረቱ በአንድ ወገን እየሰመጠ ወይም እየተነሳ መሆኑን ይነግራል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አፈሩ ነው። ቦሌ፣ ሲኤምሲ፣ ለቡ፣ አቃቂ በመሳሰሉ አካባቢዎች ጥቁር አፈር በብዛት አለ። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ መሬቱ ላይ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱ በየዓመቱ አብሮት ከፍና ዝቅ ይላል። ቤቱ ሁሉ እኩል ቢንቀሳቀስ ችግር አልነበረም። ችግሩ አሸንዳው የሚፈስበት ማዕዘን ሲያብጥ ማዶው ደረቅ መሆኑ ነው። ከግድግዳው አጠገብ ያለ ትልቅ ባሕር ዛፍም በአንድ ጎን አፈሩን ያደርቀዋል። በሩ በክረምት አልዘጋ ብሎ በበጋ ያለ ችግር የሚዘጋ ከሆነ አናጢ ጠርታችሁ በሩን ከማስላጋችሁ በፊት ይህን አስቡ። እንጨት ራሱም በክረምት ስለሚያብጥ፣ ከበሩ በላይ ሰያፍ ስንጥቅ አለ ወይ ብላችሁ ቀና በሉ።

ስንጥቁ የቆመ ይሁን የሚሄድ ለማወቅ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ በእርሳስ መስመር አስምሩና ቀኑን ጻፉበት። በመሃሉ ላይ ደግሞ ቀጭን መስታወት ከሁለቱም ወገን በጄሶ አጣብቁ። ስንጥቁ ከሰፋ መስታወቱ ይሰበራል። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ተከታተሉት። ጠርዙንም ተመልከቱ። ትኩስ ስንጥቅ ጠርዙ የሰላና ንጹሕ ነው። የቆየው ውስጡ አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ አንዳንዴም የድሮ ቀለም አለው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ብዙ ሰው ቤቱን መመርመር ጀምሮ ነበር። ያኔ «መንቀጥቀጡ ነው» ከተባሉት ስንጥቆች ውስጥ ቀለም የገባባቸው ነበሩ። ቀለም የገባበት ስንጥቅ ቤቱ ከመቀባቱ በፊት የነበረ ነው።

የሚሄድ ስንጥቅን በሲሚንቶ መድፈን ጥቅም የለውም። መጀመሪያ በቤቱ ዙሪያ ያለው የአፈሩ እርጥበት እኩል እንዲሆን ማድረግ ነው፤ አሸንዳ፣ ቦይ፣ በግድግዳው ዙሪያ ሰፊ የኮንክሪት መራመጃ። ትልቅ ዛፍ ለመቁረጥም አትቸኩሉ። ዛፉ ሲጠጣ የኖረው ውሃ ሲቀር አፈሩ መልሶ ሊያብጥና ሌላ ስንጥቅ ሊያመጣ ይችላል። ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ከሆነ፣ ወይም ግድግዳው ወደ ውጭ ካዘመመ ግን መጠበቅ አያስፈልግም። መሐንዲስ ጥሩ። ለአንድ ቀን ምርመራ የሚከፈለው ገንዘብ ከአንድ ክፍል ቀለም አይበልጥም ባይባል እንኳ ከፈረሰ ግድግዳ እጅግ ያንሳል።

መብራት ለነገ አይባልም

ከላይ ያልኩት አብዛኛው ወራት ሊታገስ ይችላል። መብራት ግን አይችልም፤ ሰው ይገድላል፣ ቤት ያቃጥላል። ቤቱን በተረከባችሁበት ሳምንት ይታይ።

ብዙ አሮጌ ቤት ሲሠራ ሽቦው የተዘረጋው ለጥቂት አምፖልና ለሬዲዮ ነው። ዛሬ ምጣድ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ፍሪጅና ስቶቭ እዚያው ላይ ይሰካሉ። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ይህን ለ220 ቮልት ስታካፍሉት ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ያንን ያህል ጉልበት ቀጭን ሽቦ ውስጥ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ስታሳልፉ ሽቦው ይግላል፣ ልባሱ ይደርቃል፣ መገናኛው ላይ ይቃጠላል። እንጀራ ሲጋገር ሶኬቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ከጋለ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ አቁሙ። ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም መስመር ለብቻው ያስፈልጋል።

ብሬከሩ እየወደቀ ሲያስቸግር «ትልቅ ብሬከር እንቀይርበት» የሚል ሰው ይመጣል። በፍጹም እሺ አትበሉ። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ቀጭን እንደሆነ ቀርቶ ብሬከሩ ካደገ፣ መውደቁ ይቀርና ግድግዳው ውስጥ እሳት ይነሳል።

ሌላው ግራውንድ ነው፤ ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ። ፍሪጁ ወይም የሻወር ማሞቂያው ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ግራውንድ የለም፣ ወይም ተበጥሷል። ሶኬቱ የግራውንድ ቦታ ስላለው አትታለሉ፤ ከኋላው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ መያያዙን ኤሌክትሪሺያኑ ከፍቶ ያሳያችሁ። ድሮ አንዳንድ ሠራተኛ ግራውንዱን ከውሃ ቧንቧው ጋር ያስረው ነበር። የብረቱ ቧንቧ በፕላስቲክ ሲቀየር ያ ግራውንድ ማንም ሳያውቅ ይቋረጣል። ስለዚህ ቧንቧ ያስቀየረ ሰው ግራውንዱንም ያስፈትሽ። በዚሁ አጋጣሚ 30 ሚሊ አምፔር የሆነ አርሲዲ ዋናው ሳጥን ላይ ይግባ። ሰው ላይ የሚያልፍን ኤሌክትሪክ አውቆ የሚያቋርጠው እሱ ነው። ከዋጋው ጋር ሲተያይ የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው።

የግቢው ሽታ

ሴፕቲክ ታንኩ የት እንዳለ ሻጩን ውል ሳይፈረም መጠየቅ ነበር። ካልጠየቃችሁ አሁንም ደውሉ። ብዙ ግቢ ውስጥ ጉድጓዱ ላይ ሰርቪስ ቤት ተሠርቶበታል፣ ወይም ክዳኑ በሴራሚክ ተሸፍኗል። የሽንት ቤቱ ውሃ ቀስ እያለ ከሄደ፣ ጉርጉር የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ከተመጠጠ በኋላ ወዲያው ከሞላ ጉድጓዱ ውሃ ማስረግ አቁሟል፣ ወይም የጣሪያ ውሃ ገብቶበታል። አሸንዳን ከሴፕቲክ ታንክ ጋር ማገናኘት የተለመደ ስህተት ነው፤ አስለዩት። በመንገዳችሁ የፍሳሽ መስመር ካለፈ ከውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ጋር ተነጋግራችሁ ከዚያ መስመር ጋር መገናኘት ዘላቂው መፍትሔ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጉድጓድ ውስጥ ማንም ሰው እንዳይገባ። ውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ በደቂቃዎች ይገድላል፣ ሊያወጣ የገባውንም ይገድላል። የቀን ሠራተኛው «እኔ ለምጄዋለሁ» ቢልም አይግባ።

የድሮ ቀለምም ይታሰብበት። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚኖር እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንብ ያወጣችው በቅርብ ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ የዘይት ቀለም፣ በተለይ በበርና በመስኮት ላይ ያለው፣ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ይህ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በደረቁ በአሸዋ ወረቀት አታስፍቁ፤ እያራሳችሁ አስፍቁ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴት ሥራው እስኪያልቅ ሌላ ቦታ ይሁኑ።

የቱ ይቅደም? ማንስ ይክፈል?

እኔ ብሆን መብራቱን አስቀድማለሁ። ቀጥሎ ጣሪያና አሸንዳ፣ ከዚያ የግቢው ውሃ፣ ከዚያ የበሰበሱት ቋሚዎች፣ ከዚያ ቧንቧ። ጄሶ፣ ሴራሚክና ቀለም የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ቢቻል አንድ ክረምት አልፎ ግድግዳው ደረቅ መሆኑ ከታየ በኋላ። እንግዳ ይመጣል ብሎ ሳሎን ማስቀባት ያጓጓል፣ ይገባኛል። ግን እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ወረዳ ሂዱ። እድሳት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ግድግዳና ጣሪያ መንካት ደግሞ ይበልጡን። ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ወይም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሚካሄደው የኮሪደር ልማት ዕቅድ ውስጥ እንዳለ አጣሩ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነም ያለ ፈቃድ አይነካም። የሚፈርስ ቤት ላይ ቋሚ መቀየር ከሁሉም የከፋ ኪሳራ ነው።

ሻጩስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ላልታየ ጉድለት ዋስትና እንዳለበት ይደነግጋል። ገዢው ደግሞ የገዛውን ነገር በቶሎ የመመርመርና ጉድለቱን ለሻጩ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በግልጽ ይታይ የነበረን፣ ወይም እያወቃችሁ የተቀበላችሁትን ጉድለት ማንሳት አትችሉም። ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚል አንቀጽ ቢኖርም ሻጩ እያወቀ ሆን ብሎ የደበቀውን አይሸፍንለትም። ማወቁን ማስረዳት ግን የእናንተ ሸክም ነው። ለዚህ ነው የበሰበሰው ቋሚ ከመነሳቱ፣ ልስኑ ከመጣሉ በፊት ፎቶና ቪዲዮ አንሱ የምለው። ያየውን ባለሙያ በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ ጠይቁ፣ ለሻጩም በጽሑፍ አሳውቁ። ሕጉ ጊዜ ስለሚቆጥር «እስኪ ክረምቱ ይለፍ» አትበሉ፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ወዲያውኑ ጠበቃ አማክሩ። ዘመድ አስታራቂ ገብቶ የጥገናው ወጪ በስምምነት ቢከፈልም መልካም ነው፤ ስምምነቱ ግን ይጻፍ።

ከሠራተኛ ጋር ስትዋዋሉ ክፍያው በሥራው ደረጃ ይሁን። አሸንዳ ሲሰቀል ይህን ያህል፣ ውሃ ተለቅቆበት ሲፈተሽ ቀሪው። አዲሱ የቧንቧና የመብራት መስመር በልስን ከመሸፈኑ በፊት ግድግዳው ላይ ሜትር ዘርግታችሁ ከወለሉና ከማዕዘኑ ያለው ርቀት እንዲታይ ፎቶ አንሱ። ፎቶዎቹን አትማችሁ ከካርታው ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጧቸው፤ መጋረጃ ለመስቀል ግድግዳ የሚበሳው ሰው መጀመሪያ እነሱን ያያል።